ምዕራፍ ሰባት፦ ቦምቦሊኖ በ3,000 ሜትር ከፍታ

አዲስ አበባ ላይ አምሮ የሚወጣ ቦምቦሊኖ ንፋስ መውጫ ላይ ይበላሻል። ዱቄቱ ያው ነው፣ ስኳሩ ያው ነው፣ የምትጠብሰውም ሴት ያቺው ልትሆን ትችላለች። ከዘይት የወጣው ቦምቦሊኖ ግን ላዩ ጠቁሮ ሲቆረስ መሐሉ ላይ ጥሬ ሊጥ ይገኝበታል፤ አለዚያም ዘይት ጠጥቶ ከብዶ ይወጣል። ብዙ ሰው በዘይቱ ያሳብባል፦ የሚረጋ ነው፣ የተቀላቀለ ነው፣ ቀን ያለፈበት ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ሊጡ ውስጥ ካለው ውሃ ጋር አለመተዋወቅ ነው። ሊጥ መጥበስ ማለት ውሃን በልክ ማስወጣትና በልክ ማስቀረት ነውና ይህ ምዕራፍ ከዘይቱ ይልቅ ስለ ውሃው ብዙ ያወራል።

የላይ ጋይንት ወረዳ ከተማ የሆነችው ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል፦ ባሕር ዳር ከተማ ላይ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አዲስ አበባና እስቴ መካነ ኢየሱስ ላይ በ92 ገደማ፣ ንፋስ መውጫ ላይ ደግሞ በ90 አካባቢ። ከሲማዳ ወደ በሽሎ ቆላ ሲወረድ ቁጥሩ እንደገና ይጨምራል። የጋይንት እናቶች ይህን በዲግሪ ባይቆጥሩትም በእንጨት ያውቁታል። የባቄላ ንፍሮ ደጋ ላይ እንጨት የሚፈጀው፣ ሲንተከተክ ቆይቶም እህል እህል የሚለው፣ የሚፈላው ውሃ ራሱ ከቆላው ስለሚቀዘቅዝ ነው።

ታዲያ ይህ ከጥብስ ጋር ምን ያገናኘዋል? ዘይት እንደሁ የትም ቢሆን 180 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከፍታ አያግደውም።

የሊጥ ቀለበት የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ጩኸት ከዘይቱ የሚመጣ አይደለም። ዘይት በ180 ዲግሪም ዝም ያለ ነገር ነው። የሚንጫጫው ከሊጡ ገጽ እየተነነ የሚያመልጠው ውሃ ነው። የቦምቦሊኖ ሊጥ ከክብደቱ ከሲሶ በላይ ውሃ ነው፤ ያ ውሃ ከገጹ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ዘይቱ የቱንም ያህል ቢግል ገጹ ከውሃ መፍያ ሙቀት ብዙም አያልፍም። ገጹ ሲደርቅ ነው ሙቀቱ የሚያሻቅበው። ከ140 ዲግሪ ወዲያ የስንዴው ፕሮቲንና ስኳሩ ተዋህደው ያን ቡናማ መልክና ከመንገድ የሚጠራ ሽታ ያመጣሉ። መሐሉ ግን እስከ መጨረሻው እርጥብ ነው፤ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከመፍያው ሙቀት አይዘልም። ንፋስ መውጫ ላይ የቦምቦሊኖው መሐል የሚደርስበት ጣሪያ እንግዲህ 90 ዲግሪ ነው።

ያም ቢሆን ለማብሰል ይበቃል። የስንዴ ስታርች ከ60 ዲግሪ ጀምሮ ውሃ እየሳበ ያብጣል፣ ሊጡን አያይዞ የሚይዘው ግሉተንም ከ75 እስከ 80 ባለው ውስጥ ይጸናል። ችግሩ ፍጥነቱ ላይ ነው። ሙቀት ወደ መሐል የሚገፋው በውጪውና በውስጡ መካከል ባለው ልዩነት ነው። መሐሉ 80 ሲደርስ በባሕር ዳርቻ ገና 20 ዲግሪ የሚገፋ ልዩነት ይቀራል፤ ደጋ ላይ 10 ብቻ። ስለዚህ መሐሉ ይዘገያል። ላዩ ግን አይዘገይም፤ ውሃው ቶሎ ስለሚተን እንዲያውም ፈጥኖ ይደርቃል፣ ፈጥኖ ይጠቁራል። ጥቁር ላይና ጥሬ መሐል በአንድ ቦምቦሊኖ ላይ የሚገናኙት በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። አንደኛው የዘይቱን ግለት በ15 ዲግሪ ገደማ ማውረድ ነው። በቆላ 180 ላይ የሚጠበሰው ንፋስ መውጫ ላይ 165 አካባቢ ይጠበሳል፤ ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፣ ላዩም መሐሉን ይጠብቀዋል። ሁለተኛው የሊጡን ውፍረት መቀነስ ነው፤ እኔ ከሁለቱ ይህን አስበልጣለሁ። ሙቀት መሐል ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ውፍረቱ በእጥፍ ሲያድግ ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነው በሦስት ደቂቃ ቢበስል ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነው አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል፤ እስከዚያ ድረስ ከሰል ሆኗል። የቦምቦሊኖ ቀዳዳም ለጌጥ የተበሳ አይደለም፤ ዘይቱ ከመሐልም እንዲገባ ተደርጎ መንገዱ በግማሽ ያጠረበት ነው። ጣልያኖች ቦምቦሎኔ የሚሉት፣ እነሱም ከኦስትሪያው ክራፕፈን የወረሱት ጥብስ ቀዳዳ የለውም፤ ድቡልቡል ሆኖ በክሬም ይሞላል። እኛ ክሬሙን ትተን ቀዳዳውን ወሰድን፤ ለጾምም ለደጋም የተሻለውን መረጥን ማለት ይቻላል።

ከእኛም ከፍ ያሉ ሰዎች ሊጥ ይጠብሳሉ። 3,600 ሜትር ላይ ባለችው ላሳ የቲቤት ሰዎች ለአዲስ ዓመታቸው ካፕሴ የሚባል ቀጭን፣ የተጠማዘዘ፣ እንደ ብስኩት የሚሰበር ጥብስ ያዘጋጃሉ። ቦሊቪያ ውስጥ ላ ፓስና ኦሩሮ ላይ ደግሞ ብርዳማ ጠዋት ቡኙዌሎ ይቀርባል፤ ሊጡን በእጅ ወጥረው እንደ ስስ ቂጣ ካሰፉት በኋላ ነው ዘይት ላይ የሚጥሉት፣ ከሐምራዊ በቆሎ ከሚሠራ ትኩስ መጠጥ ጋር ይበሉታል። ከፍታው ነው ያስተማራቸው ብዬ አልምልም። ሁለቱም ግን የሊጡን ውፍረት ቀንሰዋል። የእኛው ፓስቲም ከዚህ ወገን ነው፤ ስለሳሳ ከቦምቦሊኖ ይልቅ ደጋን ይችላል። ለጀማሪ የምመክረውም ፓስቲን ነው፤ ቦምቦሊኖው ይደርሳል።

የጋይንት ማጀት ለሊጥ እንግዳ አይደለም። ድፎው አለ፣ ቂጣው አለ፣ አነባበሮው አለ፤ ነሐሴ 13 በቡሄ ደግሞ በሩ ላይ ጅራፍ እያጮሁ ለሚጨፍሩ ልጆች ሙልሙል ይጋገራል፤ በዓሉን በስሟ የተሸከመችው ደብረ ታቦርም በስተምዕራብ ከጉና ተራራ ማዶ ናት። እነዚህ ሁሉ ግን የምጣድ ልጆች ናቸው። ሊጥን በዘይት አጥልቆ መጥበስ ዘግይቶ የመጣው ሰው ስላላሰበው አይመስለኝም። ዘይት በሊትር አልነበረም፤ ከዚያ ይበልጥ ደግሞ ለጥብስ ሁለት ሊትር በአንድ ጊዜ ድስት ላይ ማፍሰስ የሚታሰብ አልነበረም። የቅባት እህል ወደ ምድጃው የሚቀርበው በማሰሻ መልክ ነበር፤ የተወቀጠ ጎመን ዘር ምጣዱ ላይ ታሽቶ እንጀራው እንዳይዝ ያደርጋል። ኑግ ተወቅጦ ለፍትፍት ይሆናል፣ ተልባም እንደዚሁ። ቅቤ ደግሞ ለወጥና ለራስ ነው፤ በቅቤ ሊጥ የሚያጠልቅ ሰው ቢገኝ ጎረቤት ለንስሐ አባቱ ይነግርበታል።

ሳምቡሳ ከምሥራቅ ከሐረርና ከሶማሌ በኩል ወደ መሐል አገር ገባ። ቦምቦሊኖና የፉርኖ ዱቄት ከጣልያን ናቸው። ወደ ጋይንት ያደረሳቸው ግን ከሁሉም በላይ መንገድ ይመስለኛል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት፣ ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና አልፎ ወልድያ የሚወርደው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ የሚባለው፣ ከተማዋን የመኪና ማረፊያ አደረጋት። መኪና ባለበት ሻይ ቤት አለ። ሻይ ቤት ባለበትም ጠዋት ተጠብሶ መስታወት ውስጥ የሚደረደር፣ በእጅ ተይዞ እየተሮጠ የሚበላ ነገር ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ሊጡ ወተትና እንቁላል ካልገባበት ጾም አያስፈታም። ለረቡዕና ለዓርብ፣ ለ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀኖች፣ ለፍልሰታ የሚሆን የሻይ ማባያ ለሻይ ቤት ትልቅ ነገር ነው። እርግጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆየው ሰው ሰዓቱን ይጠብቃል።

ወደ ሊጡ እንመለስ።

ለአንድ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ ሩብ ኪሎ የማይሞላ ስኳር (እኔ 100 ግራም ይበቃል ባይ ነኝ)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ ጎደል ያለ ደረቅ የዳቦ እርሾ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ለብ ያለ ውሃ። ስኳሩን ማብዛት ያጓጓል፤ ነገር ግን የበዛ ስኳር ላዩን ያጠቁረዋል፣ ቀደም ሲል ያልነውን ችግር ያባብሰዋል። ጣፋጭ የሚወድ ሰው ከወጣ በኋላ ስኳር ይነስንስበት። ቫኒላ የሚጨምሩ አሉ፤ ጥሩ የተጠበሰ ስንዴ ሽታው ስለሚበቃው እኔ አልወደውም፤ ጥቂት የተፈጨ ኮረሪማ ግን አልጠላም።

የደጋ ዱቄት ደረቅ ነው። አየሩ እርጥበት ስለሚያጥረው ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ የከረመ ዱቄት ከወትሮው የበለጠ ውሃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ውሃውን በልክ መስጠት የሚቻለው በእጅ እንጂ በጣሳ አይደለም። ሊጡ ከዳቦ ሊጥ ለስለስ ያለ፣ እጅን ነካ አድርጎ የሚለቅ ይሁን። ከዚያ መታሸት አለበት፤ እስኪለሰልስ፣ ሲወጠር ሳይበጠስ እስኪሳሳ። ይህን ያህል የማሸት ምክንያት ግሉተኑ መረብ ሠርቶ እርሾው የሚያወጣውን አየር እንዲይዝ ነው። መረቡ ከላላ አየሩ ያመልጣል፣ በቀረው ቀዳዳም ዘይት ይገባል።

እዚህ ላይ ጋይንት የራሱ የሆነ ጉዳይ አለው። ፋርጣና ላይ ጋይንት ውስጥ ከስንዴና ከገብስ ጎን ትሪቲካሌ በስፋት ይዘራል። ስንዴና ራይ የተባለ የአውሮፓ እህል ተዳቅለው የተገኘ ዘር ነው፤ የመጀመሪያው ድቅል እ.ኤ.አ. በ1875 ስኮትላንድ ውስጥ ተገኘ። ገበሬው ሎጋው ሽቦ የሚባለውን ዝርያ በስሙ ያውቀዋል። በተራቆተና በኮመጠጠ አፈር ላይ ስንዴ እምቢ ሲል ትሪቲካሌ እሺ ይላል፤ ለእንጀራም ለጠላም ይሆናል። ለጥብስ ግን ብቻውን አይሆንም። ግሉተኑ ደካማ ነው፣ ሊጡ እጅ ላይ ይለጠፋል፣ ኩፍ ቢልም አይጸናም። የቤት ዱቄት ለመጨረስ የፈለገ ሰው ከሦስት እጅ አንዱን ትሪቲካሌ፣ ሁለቱን ፉርኖ ቢያደርግ መልካም ነው። ወፍጮ ቤት የተፈጨ የአገር ስንዴም ቢሆን በወንፊት ይነፋ፤ ገለባው መረቡን ይቆርጠዋል።

ድንቹ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ያግዛል። ጀርመናዊው የዕጽዋት ሰው ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ድንች ዛሬ በጉና ዙሪያ የሌለበት ጓሮ የለም። ሁለት መካከለኛ ድንች ቀቅሎ፣ ልጦ፣ ልሞ እስኪቀር ደፍጥጦ ከአንድ ኪሎ ዱቄት ጋር ማቡካት ቦምቦሊኖውን ያለሰልሰዋል፣ እርጥበቱንም ያቆይለታል። አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ፔልተን የሚባሉ ወንድማማቾች በአሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ የድንች ዶናት ነግደውበት አገሩን በሱቅ ሞልተውት ነበር። ድንቹ የያዘውን ውሃ አስበው የሚጨመረውን ውሃ መቀነስ አይርሱ።

ማስቦኪያው ላይ ከፍታና ብርድ ይጣላሉ። ግፊቱ ስለቀነሰ እርሾው የሚያወጣው ተመሳሳይ መጠን ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በ40 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል፤ ሊጡ ቶሎ ያብጣል ማለት ነው። በሌላ በኩል እርሾ ብርድ አይወድም፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ሥራው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ የጋይንት ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው። ውጤቱ አታላይ ነው፦ ማታ በብርድ ምንም ሳይነሳ ያደረ ሊጥ ጠዋት እሳት ዳር ሲቀመጥ በድንገት ገንፍሎ ይወጣል። ሲጠበስ የበለጠ ነፍቶ ከዘይት ሲወጣ ይሟሽሻል። ስለዚህ በሰዓት አይቁጠሩ። ሊጡ እጥፍ ሲሆን፣ በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ሲመለስ ደርሷል። ከዚያ አየሩን አውጥቶ፣ በመዳመጫ አንድ ጣት ውፍረት ያህል ዳምጦ፣ በብርጭቆ አፍ ቆርጦ፣ መሐሉን በጠርሙስ ክዳን በስቶ ለሁለተኛ ጊዜ በጨርቅ ሸፍኖ ማሳረፍ ነው። ሁለተኛው ማሳረፍ አጭር ይሁን። በእርሾ ፋንታ ቤኪንግ ፓውደር የሚያደርግ ሰው ደግሞ ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ከሩብ እስከ ሲሶ ይቀንስ፤ ያ ልክ የተጻፈው ለደጋ አይደለም።

አሁን እሳቱ። ንፋሱ በየጥጉ የሚገባበት ከተማ ላይ የከሰል ማንደጃ አንዴ ይነዳል፣ አንዴ ይሞታል። ወደ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ግን ሞት ነው፤ የከሰል ጭስ ሳይሸት ይገድላል። ማንደጃው ከለላ ባለበት፣ አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን፤ ድስቱም ጠንካራ፣ ጠበብ ያለና ጠለቅ ያለ ብረት ድስት ይሁን፣ ዘይቱ ከግማሽ አይለፍ። ድንገት ዘይቱ ቢያያዝ በክዳን ማፈን ነው፤ ውሃ የሚደፋ ሰው እሳቱን ጣሪያ ያደርሰዋል።

ዘይቱ መጋሉን ለማወቅ ሁሉም ቤት ቁራሽ ሊጥ ጣል ያደርጋል። ቁራሹ ተንጫጭቶ ብቅ ካለ በቃ ይባላል። ቆላ ላይ ይህ ፈተና ይሠራል፤ ደጋ ላይ ግን ይዋሻል። ንፋስ መውጫ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ስለሚተን ዘይቱ ገና 110 ወይም 120 ሳለም ቁራሹ ይንጫጫል፣ ይንሳፈፋልም። በዚያ ዘይት የገባ ቦምቦሊኖ ቅርፊት ሳያበጅ እዚያው ሲቀቀል ይቆያል። ስለዚህ ጩኸቱን ሳይሆን ቀለሙን ያዳምጡ፦ ቁራሹ ገብቶ ወዲያው ብቅ ብሎ፣ አንድ ደቂቃ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ወርቅማ ከመሰለ ልኩ ነው። ከዚያ በፊት ከጠቆረ ድስቱን ከፍ አድርጎ ማንሳት፣ ፍሙን አመድ ማልበስ። ቴርሞሜትር ያለው ሰው 165ን ይጠብቅ።

በአንድ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቢገባ ይበቃል። ቀዝቃዛ ሊጥ በብዛት ሲገባ ዘይቱን ያበርደዋል፤ ከሰል ደግሞ እንደ ጋዝ ምድጃ ቶሎ አይመልሰውም። አንዱ ጎን ሲቀላ መገልበጥ፣ ሌላው ሲቀላ ማውጣት። በመሐል ላይ ነጭ መቀነት ከቀረለት ሊጡ በደንብ ነፍቶ ከዘይቱ በላይ ተንሳፍፏል ማለት ነው፤ ጉድለት አይደለም፣ እኔ እንዲያውም የማየው እሱን ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥቂት ሰከንድ ከቀደመው ሥራ ሁሉ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። ብዙ ሰው ቦምቦሊኖ ዘይት የሚጠጣው ድስት ውስጥ ይመስለዋል። ተመራማሪዎች በድንችና በበቆሎ ጥብስ ላይ ለክተው ያገኙት ግን ሌላ ነው፦ አብዛኛው ዘይት የሚገባው ከድስቱ ከወጣ በኋላ ነው። ድስት ውስጥ ሳለ ከሊጡ የሚወጣው እንፋሎት ወደ ውጪ ስለሚገፋ ዘይቱ መግቢያ አያገኝም። አውጥተው ሲያስቀምጡት እንፋሎቱ ይቀዘቅዛል፣ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ ውስጡ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ቅርፊቱ ላይ የቀረው ዘይት በየቀዳዳው ተስቦ ይገባል። በብርድ አገር ማቀዝቀዙ ፈጣን ስለሆነ መሳቡም ፈጣን ነው። ስለዚህ ያወጡትን ቦምቦሊኖ ከዘይቱ በላይ ያዝ አድርገው ያራግፉት፣ ወዲያው በወንፊት ወይም በሽቦ ላይ ያቁሙት፣ ላዩ ገና ትኩስ ሳለ በንጹሕ ወረቀት ያስነኩት። አንዱን በአንዱ ላይ ሳህን ውስጥ የሚቆልል ሰው የታችኛውን በላይኛው ዘይት ያጠጣዋል። የተጻፈበት ጋዜጣና የልጆች ደብተር ለዚህ አይሆንም፤ ቀለሙ ከትኩስ ዘይት ጋር ይሄዳል።

የትኛው ዘይት ይሻላል? እዚህ ላይ ምላስና ድስት አይስማሙም። ከወይና ደጋው የሚወጣው የኑግ ዘይት ጣዕሙ የማይደረስበት ነው። ነገር ግን ከስብ አሲዱ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ሊኖሌይክ የተባለው፣ ከኦክስጅን ጋር ቶሎ የሚጋባው ዓይነት ነው፤ ደጋግሞ ሲሞቅ ቶሎ ይበላሻል። በየመንደሩ ተጨምቆ ሳይጣራ የሚሸጠው ደግሞ አረፋ ያበዛል፣ ቶሎም ይጨሳል። ለአንድ ጊዜ የቤት ጥብስ ሸጋ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሚጠብስ ሻይ ቤት አይሆንም። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ገደማው የማይበገር ስብ ስለሆነ እሳት ይችላል፤ ብርዳማ ጠዋት ጀሪካን ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚገኘውም በዚሁ ነው። መርጋቱ የተበላሸ ነው ማለት አይደለም። ለልብ ጤና ግን ከሁለቱ ኑጉ ይመረጣል፤ ጥብስን በየቀኑ የማይበላ ሰው ይህን ሒሳብ ብዙ አይጨነቅበት።

ዘይት መወደዱን ማን ይረሳዋል። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የሱፍ ዘይት ላኪ የሆነችው ዩክሬን ጦርነት ገባች፤ ከሚያዝያ 20 እስከ ግንቦት 15 ደግሞ ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ወደ ውጪ እንዳይወጣ አገደች። ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ከ1,000 ብር በላይ ወጣ። ከዚያ ዓመት በፊት በ2013 ቡሬ ላይ ትልቁ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ተመርቆ ነበር፤ ተስፋው ብዙ ነበር፣ የጥሬ ዕቃው ጣጣ ግን በፋብሪካ ግድግዳ አይፈታም። እንዲህ ሲሆን የሚጠበስበት ዘይት ዕድሜ ይረዝማል። ያገለገለ ዘይትን እንደገና መጠቀም ኃጢአት አይደለም፤ በረደ ሲባል በጨርቅ አጣርቶ፣ የቀረውን የሊጥ ፍርፋሪ አስወግዶ፣ ጨለማ ቦታ በክዳን ማስቀመጥ ነው። የሚያበላሹት ፍርፋሪ፣ ብርሃን፣ አየርና ውሃ ናቸው። ከወፈረ፣ ከጠቆረ፣ ከቀድሞው ባነሰ ሙቀት መጨስ ከጀመረ፣ ወይም የማይጠፋ ደቃቅ አረፋ ካበጀ ጊዜው አልፏል። ብዙ የአውሮፓ አገሮች የተበላሸው ክፍል 24 ወይም 25 በመቶ ሲደርስ ዘይቱ ይደፋ ብለው ደንግገዋል፤ እኛ መለኪያው ባይኖረንም አፍንጫ አለን። በአሮጌው ላይ አዲስ መጨመርም አያድነውም፤ አሮጌው አዲሱን ያፈጥነዋል።

የተረፈ ቦምቦሊኖ ጠዋት እንደ ድንጋይ የሚደርቀው ውሃው ስላለቀ ይመስላል። ውሃው ግን ብዙው እዚያው አለ። ስታርቹ ከበሰለ በኋላ ሲበርድ እንደገና ይደራጃል፣ ይጠነክራል፤ ይህ ከሁሉ የሚፈጥነው ከዜሮ ትንሽ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ ነው፤ የፍሪጅ ቅዝቃዜ ማለት ነው፣ የንፋስ መውጫ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ማድረቅ ነው፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከምድጃው አጠገብ ይደር። ጠዋት ዘይት ውስጥ አይመለስ፤ ሁለተኛ ዘይት ይጠጣል። ምጣዱን ለብ አድርጎ፣ ጥቂት ውሃ ረጨት አድርጎ፣ በአክንባሎ ለጥቂት ደቂቃ መክደን ይበቃል፤ መሐሉ 60 ዲግሪ ሲያልፍ የተደራጀው ስታርች ይፈታል፣ ቦምቦሊኖውም ይለሰልሳል። ይህ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን ውሃው በእርግጥ ስላለቀ አይሠራም፤ ያን ጊዜ በሻይ ነክሮ መብላት ነው።